ከነጎድጓድ ጋር የተተኮሰች ጥይት

ልጅ እያለሁ ነጎድጓድ አልፈራም ነበር፤ እንዲያውም ቶሎ እንዲያገሣ የለመንሁበት ቀን አለ።

ጊዜው የጣልያን ነው። አባቴ ዱር ከገባ በኋላ ባንዳ መጥቶ ጎተራችንን ስላቃጠለብን፣ ከአማኑኤል ከተማ በላይ፣ ጮቄ ተራራ ግርጌ ያለ ዋሻ ውስጥ ተጠግተን ነበር። እናቴ እዚያው ወለደች። አራስ ጥሬ ቆርጥማ ወተት ከየት ታመጣለች? የእህቴ ልቅሶ እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻ እንደ ጫጩት ድምፅ ሆነ። እናቴ ዓይኗን ከሕፃኗ አታነሣም፤ እኛ ደግሞ እናቴን ላለማየት ወደ ውጭ እናያለን።

የእናቴ ወንድም አያ ውቤ ውጅግራ ጠመንጃና የቀረቻቸው አንድ ጥይት ነበረቻቸው። የሐዋርያት ጾም እንደተፈታ፣ ሰማዩ የጠቆረበትን ቀን ጠብቀው «ተነሽ፣ ሰስ እናድን» አሉኝ። ሰስ ገደል ላይ በጥፍሯ ጫፍ የምትቆም፣ ሚዳቋ የምታክል የተራራ አውሬ ናት። ችግሩ እሷን ማግኘቱ አልነበረም። ከታች ኮረብታው ላይ የጣልያን ምሽግ አለ፤ ተኩስ ከተሰማ ባንዳው ዱካ ይዞ እስከ ዋሻችን ይመጣል። ስለዚህ አያ ውቤ የሚተኩሱት ሰማይ ሲያገሣ ብቻ ነው። እሳቸው ዓይናቸውን ከሰሷ አይነቅሉም፤ መብረቁን የምጠብቅ እኔ ነኝ። ብልጭ ሲል ተረከዛቸውን ጭብጥ አደርጋለሁ፣ ነጎድጓዱ ሲደርስ ይተኩሳሉ።

በደረታችን ተሳብን። እርጥቡ የጓሳ ሣር፣ ባሩድ ባሩድ የሚለው የአያ ውቤ በርኖስ፣ ሽታቸው ዛሬም አፍንጫዬ ላይ ነው። ሰሷ ከማዶ ድንጋይ ላይ ቆማ ጆሮዋን ታርገበግባለች። ሰማዩ ግን ጭጭ።

«ምነው፣ ጌታ ተኛ እንዴ?» ሲሉ አያ ውቤ አንሾካሾኩ።

ተረከዛቸውን እንደያዝሁ ሰማይ ሰማዩን አያለሁ። ነፋሱ ቢዞር ሽታችን ይደርሳታል፤ ከሄደች ዛሬም ጥሬ ነው። ድንገት ከጮቄ ጀርባ ብልጭ አለ። ጨበጥሁ። ተራራው ሲያገሣ ጠመንጃውም አብሮ አገሣ፤ የቱ የቱ እንደሆነ እኔም አልለየሁትም። ምሽጉ ለይቶት እንደሆነስ?

ሰሷ ወደቀች፤ ግን ገደሉ ወገብ ላይ፣ ትልቅ ሰው በማይቆምባት ጠባብ እርከን ነው። አያ ውቤ ወገቤን በመጫኛ አስረው አወረዱኝ። ሰሷን በመጫኛው አስሬ ሽቅብ ልልክላቸው ነበር፤ ነገር ግን እግሮቿ መወራጨታቸውን እየተዉ ሄዱ። ሳትታረድ ከሞተች በክት ናት፤ እናቴ ደግሞ በክት ከምትበላ ሞቷን ትመርጣለች።

«እረጃት!» ብለው ካራቸውን ወረወሩልኝ።

«አያ፣ ሴት እኮ ነኝ! ሴት ያረደው ይበላል?»

«ጸሎቱን እኔ እላለሁ። አንች እጅሽን ብቻ አበድሪኝ።»

ከላይ «በስመ አብ ወወልድ» ሲሉ ሰማሁ። አንገቷን ወደ ኋላ ይዤ አረድኋት።

ዋሻችን ውስጥ ሥጋው ሲጠበስ የሁላችንም ጆሮ ወደ ታች፣ ወደ ምሽጉ ነበር። ማንም አልመጣም። እናቴ ሥጋውን በእጇ ይዛ «ማን አረዳት?» አለች።

አያ ውቤ መዋሸት ይችሉ ነበር። «ልጅሽ ናት። በኔ አፍ፣ በሷ እጅ» አሉ።

«ወንድ ጠፍቶ?»

«ወንዱማ ከብዶት ገደሉ አልተቀበለውም!»

አልሳቀችም። እጆቼን አየች፤ የሕፃኗን አፍ አየች፤ አማተበችና ጎረሰች። ሰነባብቶ የእህቴ ልቅሶ ወፈረ። አያ ውቤ «ጥይቱን ያልሰማ ምሽግ ይችን ሊሰማ ነው!» ብለው ሲደነግጡ፣ እናቴ ዋሻ ከገባን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ዛሬ እኔም እህቴም ደብረ ማርቆስ ነን። በዓል ሲደርስ እንደ ጎረቤቶቼ ሁሉ ዶሮዬን በክንፉ አንጠልጥዬ፣ የሚያርድልኝ አላፊ ወንድ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። እህቴ «ሰስ አራጇ ሴትዮ!» እያለች ትስቅብኛለች። ቢላዋው በእጄ ነው፤ አሠራሩንም አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ከላይ ሆኖ የሚጸልይልኝ ሰው ነበረኝ። አሁን ቀና ብል ሰማዩ ብቻ ነው፤ እንግዲህ ኮቴ እሰማ እንደሆነ ብዬ ጆሮዬን ወደ መንገዱ እሰጣለሁ።