የዴዚው መደብና የእቴቴ ውሃ

ትናንት ከመናኸሪያ የተሳፈርኩባት ባጃጅ መስታወቷ ሥር የፕላስቲክ ዴዚ ተለጥፎባታል። ዙሪያው ነጭ፣ መሐሉ ቢጫ፣ አቧራ የጠጣ አበባ። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። ሾፌሩ ሳየው አየኝና፣ "ያምራል አይደል? ውሃ አይፈልግ፣ ምን አይፈልግ!" አይለኝ መሰለህ! ደሜ ፈላ። "አውርደኝ!" አልኩትና ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። ልጁ ምን ያውቃል፣ አበደች ብሎኝ ይሆናል። ውሃ የማይፈልግ ዴዚ! እኔ እኮ እሱን ፍለጋ ዓመት ሙሉ አፈር ላይ ተንበርክኬያለሁ።

ያኔ ኮሌጅ ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። እኛ ከተማ ጭሮ ላይ ተምሮ የተቀመጠ ልጅ እንደ አሸን ነው። አራት ሆነን ተደራጀንና አስፋልቱ ዳር፣ ከእኛ ቤት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ አንዲት ጥግ ቦታ በሙከራ ተሰጠችን። የከተማ ውበት ሥራ የሚከታተለው ባለሙያ የነገረን ነገር አንድ ነው። "ለሰው ያልተረፈ ውሃ ለአበባ አይሰጥም። ክረምቱን ችሎ በጋውን ያለ ጠብታ የሚያልፍ ዴዚ አሳዩኝ፤ ቦታው የእናንተ ነው። እስከ ሚኤሶ ድረስ የመንገዱን ዳር እናንተ ትተክላላችሁ። ካልሆነ ቦታውን ለሌላ እሰጣለሁ።" ነገሩ አልከፋኝም። ቧንቧችን ውሃ የሚያይበትን ቀን ስለማውቅ ትክክል ነው አልኩ።

አራት ዓይነት የዴዚ ችግኝ ከአዲስ አበባ መጣ። ስማቸው ምላስ የሚያስር ስለነበር በመልካቸው ጠራናቸው፤ ወይን ጠጁ፣ ቢጫው፣ ሮዙ፣ ትንሿ ነጭ። ለየብቻ መደብ ሠርተን ለሁሉም እኩል ፍግ ሰጠናቸው። ሌሊቱን ተጨብጠው ያድራሉ፤ ፀሐይዋ ከተራራው ስትወጣ ተያይዘው ይከፈታሉ። እኔ ያን ሰዓት እወደው ነበር። ቅጠላቸው ሲታሽ ደግሞ የሚመር ሽታ አለው፣ ምሳ ስበላ እንኳ ከጣቴ አይለቅም። የጫት አይሱዙዎቹ ጡሩምባቸውን እያንባረቁ ሲወርዱ አበባው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይነሣል፤ አቧራውን የምናራግፍለት እኛ ነን።

ክረምቱ ጥሩ አድርጎ ፈተናቸው። ወይን ጠጁ፣ ያ እንደ ሙሽራ የሚኩራራው፣ አንድ ኃይለኛ ዝናብ መታውና ጭቃ ላይ ተዘረረ፤ ለመነሣት ሳምንታት ፈጀ። ቢጫውን ነጭ ሻጋታ ያዘው። ሮዙ ቅጠሉ ብቻ ተንዠረገገ። ትንሿ ነጭ ግን ምንም አልመሰላት። ሊቀመንበራችን፣ ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ልጅ፣ "እሷ ምኗ ይታያል? ወይን ጠጁን ነው ሰው የሚወደው" ይለኝ ነበር። "በጋው ይፈርዳል" እለዋለሁ።

በጋው ሲገባ ውሃ ማጠጣቱን አቆምን። የቀረን ሥራ ማየት ብቻ ነበር። ከመደቡ ፊት ለፊት የእቴቴ ሱቅ አለ። እቴቴ ከባላቸው ጋር ከስልጤ የመጡ፣ ባላቸው ካረፉ በኋላ ሱቁን ብቻቸውን የያዙ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እቴቴ ይላቸዋል። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ያዩንና፣ "ኧረ እናንተ ልጆች፣ ይሄ ነገር ጠማው እኮ!" ይሉናል።

"ይቻለው እቴቴ፣ ፈተና ላይ ነው" እላቸዋለሁ።

"ፈተና በውሃ ጥም? አዑዙቢላህ!" ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ።

ወሩ ገፋ። ሜዳው ሁሉ ገረጣ፤ ከሚኤሶ በኩል የሚመጣው ነፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል። የእኛ ዴዚ ግን ንቅንቅ አላለም። ወይን ጠጁም፣ ያ ልፍስፍስ፣ አበባ በአበባ ሆነ! አፈሩን በእጃችን እንዳብሳለን፣ ደረቅ ነው። ምን ቸገረን፣ ጨፈርን። ሊቀመንበራችንማ ቦርደዴ ከተማ ላይ ሁለተኛ የችግኝ ማፍያ ጣቢያ መክፈት ጀምሮ ነበር፣ በአፉ።

ባለሙያው መጣ። መደቦቹን ዞረ፣ አበቦቹን አየ፣ አንዴም ፈገግ አላለም። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ጣቱን ወደ አፈሩ ሰደደው። ሲያወጣው ጭቃ ነው። ሁሉንም መደብ እንዲሁ ነካካና ተነሣ። "ውሃ አጠጥታችሁ ላዩን ደረቅ አፈር አለበሳችሁት! ረስታችሁ ብታጠጡት ይቅር እል ነበር። ይሄ ግን ተንኮል ነው" አለን። ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሊቀመንበሩ፣ "ቤትሽ እዚህ ነው፤ ካንቺ ሌላ ማን ያጠጣል? ዱጋ ንገሪን፣ እውነቱን!" አለኝ። ትሰማኛለህ? እኔን! ዓመት ሙሉ "ጠብታ እንዳትነኩ" እያልኩ የምጨቀጭቀውን እኔን! ያን ቀን እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ነው የገባሁት። እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር ነጋ፤ ገና አዛን ሳያበቃ ሻርፕ ተከናንቤ፣ የሚያጠጣውን ልይዝ ከመደቡ አጥር ሥር ተደበቅሁ።

የሱቁ በር ሲጥ አለ። እቴቴ ቢጫ ጀሪካን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ከቦኖ ተሰልፈው የሚቀዱትን ውሃ! በቢላ ጫፍ የእያንዳንዷን ሥር ጫር ያደርጋሉ፣ "ቢስሚላህ" ብለው በጣሳ ያፈሳሉ፣ ከዚያ ደረቅ አፈር መልሰው በመዳፋቸው ያስተካክላሉ። የተኛ ልጅ የሚያለብሱ ነበር የሚመስሉት።

"እቴቴ! ምን እየሠሩ ነው?" ብዬ ጮህኩ።

ደንግጠው ጣሳውን ጣሉት። "ዝም በይ ልጄ፣ ሰው ይሰማል! ሰደቃ ነው። ፊቴ ተተክሎ እየደረቀ እንዴት ልይ? ሰደቃ ደግሞ በስውር ነው፤ ካወሩት አጅሩ፣ የአላህ ምንዳው፣ ይቀራል።"

ያደረሱብንን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ድምፄን አልቀነስኩም፤ ተናድጄ ነበር። እሳቸው መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ጣሳውን አንሥተው ጀሪካኑ ላይ ደፉት። ከዚያ፣ "የት ነው የሚሠራው ሰውዬው? እኔ እነግረዋለሁ" አሉኝ።

"እቴቴ፣ ካወሩት ይቀራል አላሉም?"

"ይቅራ! በእኔ ውሃ እናንተ ሌባ ትባሉ?"

ሱቃቸውን ዘግተው፣ ንጹሕ ሻሽ አስረው ወጡ። ሊቀመንበራችንም ተከተለን። ቢሮው ውስጥ እቴቴ ቆመው ሁሉንም ተናገሩ፤ ከየት እንደሚቀዱ፣ ለምን አፈር እንደሚያለብሱ። ለማንም ነግረውት የማያውቁትን ነገር፣ ለማያውቁት ሰው። ባለሙያው፣ "እሺ እናቴ፣ እናመሰግናለን፣ ውጭ ይጠብቋቸው" አላቸው። በሩ ሲዘጋ ሳቀ። "ምስክር ከየሱቁ መግዛት ጀመራችሁ? እስቲ ማን ነው ለአበባ ብሎ ተደብቆ ውሃ የሚሸከም?"

ያልኩትን ሁሉ አልደግምልህም። "እኚህን ሴት ሐሰተኛ የምትል ምላስህ ይድረቅ" ማለቴን ግን አስታውሳለሁ፣ አሁንም እለዋለሁ። ሊቀመንበራችን ጣሪያ ጣሪያ ያያል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ባለሙያው ፋይሉን ዘጋ፤ ቦታችንም በዚያው አበቃለት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የታባቱ! ዛሬ እዚያ ላይ የስልክ ሽፋን የሚሸጥበት ኮንቴይነር ቆሟል። ትንሿ ነጭ በጋውን ትችል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያ ብቻውን ያንገበግበኛል።

ስወጣ እቴቴ አግዳሚው ላይ የሻሻቸውን ጫፍ ጨብጠው ተቀምጠዋል። ባለሙያው ሲስቅ አልሰሙም።

"ምን አለሽ? አመነኝ?"

እኔ ነገር አፌ ላይ አያድርም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። አየኋቸው።

"አመነዎት እቴቴ። ቦታው ግን ለሌላ ሥራ ይፈለጋል አሉ።"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ፤ ፊታቸው በራ። "እንኳን ተናገርኩት። ስማችሁ ከጠራ አጅሩ ቢቀርም ይቅር።"

ክንዳቸውን ይዤ እስከ ሱቃቸው አደረስኳቸው።