የአገርነሽ ቦይለር

አገርነሽ በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል፣ ማሽን ፊት ቆማ የተበጠሰ ክር የምትቀጥል ሠራተኛ ነበረች። እኔ ደግሞ የዚያው ፋብሪካ ኤሌክትሪሲያን። ክር ሲበጠስ ሌሎቹ ቀጥለው ያልፋሉ። እሷ ግን አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ከተበጠሰ ማሽኑን ታቆምና የቆረጠውን ነገር ሳታገኝ ንቅንቅ አትልም። አለቃዋ በዚህ ጠባይዋ ይናደድ ነበር። እኔም እናደድ ነበር፤ ማሽን በቆመ ቁጥር ከምሳዬ የምጠራው እኔ ነኛ። ያ ጠባይ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የገባኝ በ1976 ዓ.ም. በቤቷ ቦይለር ምክንያት ነው።

ቤቷ ሐይቁ ዳር ካለ የድሮ የፈረንጅ ቪላ የተከፈለ ነበር። ቪላው ተወርሶ ለሦስት ቤተሰብ ሲከፋፈል ሰው ሁሉ ሳሎኑን ተሻማ፤ ለአገርነሽና ለባለቤቷ ጓዳውና መታጠቢያ ቤቱ ያለበት ወገን ተረፋቸው። እዚያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ቀለሙ የተላላጠ የጣሊያን ቦይለር፣ በኤሌክትሪክ ውሃ የሚያሞቅ በርሜል፣ ተሰቅሎ ነበር። ዕድሜው ከእኔ አያንስም።

ባለቤቷ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ብራና ጸሐፊ ናቸው፤ በዕድሜ ብዙ ይበልጧታል። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ለአንድ የደሴት ገዳም የሚጽፉትን መጽሐፍ ከመስመር መካከል ጥለው ወደቁ። አንድ ጎናቸው ሰነፈ፣ ንግግራቸው ተጎተተ፣ ቀኝ እጃቸው እንደ ተጨበጠ ቀረ። የሆስፒታሉ ነርስ ለአገርነሽ ቁርጡን ነገረቻት። በየጠዋቱ ትከሻቸውና ክንዳቸው ከሚወርድ ሙቅ ውሃ ሥር ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ይታሹ። እስከ ፋሲካ ካልተከፈተ እጁ እንደ ተዘጋ ይቀራል።

በታኅሣሥ አውራ ጣታቸው ተፍታታ። በጥር ሌባ ጣታቸው። የካቲት በገባ በሳምንቱ ቦይለሩ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይሰጥ ጀመር።

አገርነሽ በእሳት ሞከረች። ከሰል እንደ ልብ አይገኝም፤ በሁለት ድስት የሞቀው ውሃም ከትከሻ ክንድ ሳይደርስ ያልቃል። በአምስተኛው ቀን ሌባ ጣታቸው መልሶ መታጠፍ ጀመረ። ለቀበሌው ብታመለክት ተራ ጠብቂ ተባለች። ያን ቀን ከሥራ ስንወጣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"አምባቸው፣ መፍቻህን ይዘህ ተከተለኝ" አለች። እባክህ የለ፣ ምን የለ።

ሄድኩ። ቦይለሩ ድረስ ኃይል ይደርሳል። ሆዱን ስከፍተው ኤለመንቱ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው ጠምዛዛ ብረት፣ ነጭ ኖራ ለብሶ መሃሉ ላይ ተበጥሷል።

"ኖራው ነው የገደለው" ብዬ ፈረድኩ። በሙያዬ ስለምኮራ ሁለተኛ ጊዜ አላሰብኩም።

ቅያሪ በከተማው አልነበረም። ብዙ ለምኜ፣ ከአንድ የተዘጋ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ከተጣሉ ሁለት ተመሳሳይ ቦይለሮች ሁለት ኤለመንት አወጣሁ። ሦስተኛ የሚገኝበት አላውቅም ነበር፤ ይህንንም ነገርኳት። ኖራውን ጠርጌ አንደኛውን ገጠምኩ፤ ውሃው ፈላ፤ መረቀችኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን ተቃጠለ።

"ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ ነው" አልኳት።

"ባለፈው ኖራ ነው ብለህ ነበር።"

"እና? አንዱ ቀርቷል፤ ልግጠመው።"

"አይገጠምም። ይሄም ከነደደ የእሳቸው እጅ አበቃለት። መጀመሪያ የሚያቃጥለውን ልወቀው።"

"መሐንዲስ ሆነሽልኛል ማለት ነው" ብዬ ጥያት ወጣሁ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

እሷ ግን ሥራዋን ጀምራ ነበር። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ በከሰል ስባሪ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መጻፍ ጀመረች። ውሃ የሄደበትን ሰዓት፣ የመጣበትን፣ መብራት የጠፋበትን። ሁለቱ ኤለመንቶች የተቃጠሉበትንም ቀን ከጎረቤት ጋር ተማክራ ጻፈችው። ሁለቱም ውሃ በጠፋ ማግስት ሆኖ ተገኘ። እሑድ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገድ ላይ ይዛኝ ግድግዳውን አሳየችኝ።

እዚህ ላይ የከተማችንን ልማድ መናገር አለብኝ። በበጋ የቧንቧ ውሃ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ሰው ሁሉ አንዷን ቧንቧ በቀጭኑ ከፍቶ ባልዲ ሥሯ ያኖራል። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ ባልዲው ይጮሃል፣ ሰው በርሜሉን ሊሞላ ይሮጣል። በአገርነሽ ቤት ያን ድምፅ የሚጠብቁት መሪጌታ ነበሩ። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወንበራቸውን አድርገው ይውላሉ፤ ባልዲው ሲጮህ "መጣ" ይላሉ፤ ሦስቱም ቤት ይሰማል። ከወደቁ ወዲህ ለቤታቸው የሚሠሯት ሥራ ይህች ብቻ ነበረች።

በዚያ እሑድ ሦስታችን ተቀምጠን ሳለ አምስት ሰዓት ገደማ መሪጌታ እጃቸውን አነሡ።

"ሄደ" አሉ።

ጆሮዬን ጣልኩ። ቧንቧዋ አሁንም ባልዲው ውስጥ ትወርዳለች። "ኧረ አልሄደም መሪጌታ፣ ይኸው እየፈሰሰ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቃል ለማውጣት ጊዜ ይፈጅባቸዋል። "የውጭው ሄዷል። ድምፁ... ወፈረ። ከገና ወዲህ እንዲህ ነው። ከሄደ በኋላ ግማሽ ሰዓት... ይወርዳል።"

አገርነሽ ወደ ጓዳ ሮጠች። የወጥ ማማሰያ አምጥታ በርጩማ ላይ ወጣችና የቦይለሩን ሆድ ከላይ እስከ ታች መታ መታ አደረገች። ከአናቱ በቀር የሞላ ዕቃ ድምፅ ሰጠ። ጥቂት ቆይታ ደገመች፤ ባዶው ድምፅ ወገቡ ላይ ደርሷል።

"እየወረደ ነው" አለች። "ባልዲው ውስጥ ያለው የቦይለሩ ውሃ ነው፣ አምባቸው።"

ያኔ ገባኝ። ቦይለር የገባለት ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቼክ ቫልቭ የሚባል ትንሽ በር አለው። ፈትቼ ባየው የውስጥ ክዳኑ በዝገት አልቋል። የውጭው ውሃ ሲሄድ የተከፈተችው ቧንቧ ቦይለሩን ወደ ኋላ ትጠባዋለች፤ ኤለመንቱ ባዶ በርሜል ውስጥ ሲግል ይውልና ይበጠሳል። ኖራውም ኃይሉም የለበትም። ያቺ ቧንቧ በእኔ ቤትም በቀጭኑ ተከፍታ ባልዲ ሥሯ ነበር፤ ለዚህ ነው ዓይኔ እያየ ያላየኋት።

"መሪጌታ፣ ይህን ሁሉ ቀን ሲሰሙ ለምን አልነገሩን?" አልኳቸው።

"አልጠየቃችሁኝም፣ ልጄ" አሉ።

እውነታቸውን ነው። ንግግራቸው ስለሚዘገይ ሰላም ብዬ አልፌ እገባ ነበር። ራሴን ጠላሁት።

በዚያ ቫልቭ ምትክ የሚገጠም ሌላ ባሕር ዳር ውስጥ አልተገኘም። "እንግዲህ ቧንቧዋን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ነዋ" አልኩ። መሪጌታ ወለሉን ያዩ ጀመር። አገርነሽ ፊታቸውን አየችና ዓይኗን ግድግዳው ላይ አንከራተተች። ወደ ቦይለሩ በሚወጣው ቱቦ ላይ፣ ደረት በሚሆን ከፍታ፣ ለዓመታት ያልተነካ ክብ መዝጊያ ነበር።

"ይሄ ቢዘጋስ?"

"የቦይለሩን ውሃ ይይዘዋል። ጠዋት ዘግተሽው እንዳትሄጂ ከመታጠቡ በኋላ ቦይለሩ ገና አልሞላም፤ መብራቱን አጥፍተሽ እንዳትሄጂም ቀኑን ሙሉ ካልሞቀ ለማግስቱ አይደርስም። ግን የውጭው ውሃ እንደ ሄደ ወዲያው መዘጋት አለበት። ማን ሊዘጋው? አንቺ ሥራ ላይ ነሽ።"

"ቤት ሰው አለ።"

ያበደች መሰለኝ። "የቦይለሩን የመብራት ማጥፊያ ከበሩ በላይ አውርጄ ዝቅ ላድርግላቸው፤ እሱ ይቀላል" አልኳት።

"እርጥብ እጅ ከመብራት ጋር? አላደርገውም" አለች። ነገሩ ተቆረጠ።

መዝጊያውን በላምባና በዘይት አርሼ ሁለት ቀን ታግዬ አላቀቅኩት። የመጨረሻውን ኤለመንት ገጠምኩ። ከዚያ ጀምሮ በየጠዋቱ፣ ከሙቁ ውሃ በኋላ፣ አገርነሽ የባሏን ቀኝ እጅ መዝጊያው ላይ ታስቀምጥና ወደ ኋላ ትላለች። እጃቸው ይንሸራተታል፤ ያልባቸዋል። እሷ ቆማ ታያለች እንጂ አታግዝም። ጭካኔ መስሎኝ አንድ ቀን ተቆጣኋት።

"እኔ የምዘጋላቸው ከሆነ እኔ ስሄድ ምን ሊሆኑ ነው?" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ውሃው ሳይሄድ ከረመ። መሪጌታ በእነዚያ ቀናት መዝጊያውን ከሩብ ዙር በላይ አዙረው አያውቁም።

ሐሙስ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፋብሪካው ሻይ ቤት ቧንቧ ደረቀች። እግሬ ወደ ፈትል ክፍል ወሰደኝ። አገርነሽ ፊቴን አይታ ማሽኑን አቆመች።

"ውሃው?"

"ሄደ።"

አለቃዋን "ነገ ይቅጡኝ" ብላ ወጣችና ከብስክሌቴ ኋላ ተፈናጠጠች። ውሃው ከኤለመንቱ በታች እስኪወርድ ግማሽ ሰዓት እንዳለን እናውቃለን፤ መንገዱ ሃያ ደቂቃ ነው፣ ሰው ጭኖ ደግሞ ይበልጣል። በመንገዱ ዳር ባሉት ዘንባባዎች ሥር እንደ እብድ ነዳሁ። እሷ ከኋላዬ ሸሚዜን ጨምድዳ ይዛለች።

ገና በሩ ላይ ዝምታው ተቀበለን። ቧንቧዋ ባልዲው ውስጥ ጠብ አትልም። ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ቦይለሩ ባዶውን ቀርቷል። መሪጌታ ወለሉ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። አገርነሽ ልቧ ተሰብሮ አጠገባቸው ተንበረከከች። እኔ በርጩማው ላይ ዘልዬ ቦይለሩን በመፍቻዬ መታሁት። ሙሉ ነው። ከላይ እስከ ታች ሙሉ ነው።

"ወደቁ እንዴ?" አለቻቸው።

"አልወደቅሁም። ዘግቼ... ደከመኝ፣ ተቀመጥሁ።"

"በየትኛው እጅዎ?"

ግራ እጃቸውን አነሡ፤ ምርኩዛቸውን ይዟል። "ይቺማ እኔን ይዛ ነበር" አሉ።

አገርነሽ አላመነችም፤ እሷ መቼም ሳትፈትሽ የምታምነው ነገር የለም። ተነሥታ መዝጊያውን ልትከፍተው ሞከረች። እምቢ አላት። በሁለት እጇ ያዘችው፤ አሁንም እምቢ አለ። ዞራ ስታየኝ ፊቷ በእንባ ታጥቧል። ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

የቧንቧ መፍቻዬን ከቦርሳዬ ሳወጣ እጄን ያዘችኝ።

"ተወው" አለች። "ውሃው ሲመጣ እሳቸው ይከፍቱታል።"

ሦስታችንም እርጥቡ ወለል ላይ ተቀምጠን ጠበቅን።