ሪያድ ላይ መሪ የጨበጥኩ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ክፉም ደግም ብዙ አይቻለሁ፤ ይኼኛውን ግን እስከ ዛሬ የሚያነሳብኝ ሰው አልጠፋም። የሚያነሱብኝ ደግሞ እኔኑ ጥፋተኛ አድርገው ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው እየጨመረና እየቀነሰ ከሚያወራው ራሴው ልጻፈው አልኩ።

እኔና ባለቤቴ ይመር የተዋወቅነው ውትድርና ቤት ነው። እኔ ሃምሳ አለቃ ነበርኩ፣ እሱ አስር አለቃ። በትራንስፖርት ክፍል ኦራል መኪና እነዳ ነበር፤ አዲስ የሚመጡትን ሹፌሮችም የማሠለጥነው እኔ ነበርኩ። ይመር ከሠልጣኞቼ አንዱ ነው። ማርሽ ሲቀይር ካምቢዮውን እንደ ወፍጮ ያስጮኸው ነበር። ስቆጣው፣ ስቀጣው፣ ስቆጣው ከርሜ በመጨረሻ አገባኝ።

ከሠራዊቱ ተሰናብተን ኮምቦልቻ ገባንና ኑሮ ለመመሥረት ሞከርን። አልሆነም። በ2004 አንድ ኤጀንሲ ለሪያድ ባልና ሚስት ይፈልጋል ሲባል ሰማን፤ ባል ለሹፌርነት፣ ሚስት ለቤት ሥራ። አብረን መሄዳችንን እንጂ ሌላውን አላሰብነውም። በዚያ አገር ያኔ ሴት መኪና እንደማትነዳ ያወቅነው ከደረስን በኋላ ነው።

ባዲዓ የሚባል ሰፈር ገባን። አሠሪያችን፣ እዚያ እንደሚሉት ከፊላችን፣ አቡ ናስር ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ከግቢው ኋላ አንዲት ክፍል ሰጥቶናል፤ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር ማደራችን በዚያ አገር ትልቅ ዕድል ነበር። መንፉሐ በተባለው ሰፈር በተነሳው ግርግር ጊዜ ወገኖቻችን እየታፈሱ ሲባረሩ እኛን የነካን አልነበረም፤ ኢቃማችን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ የታደሰ ነበር።

አንጀቴን የሚያሳርረኝ ሌላ ነገር ነበር። ጠዋት ጠዋት ይመር ቁልፉን እያሽከረከረ ይወጣል፣ እኔ መወልወያ ይዤ እቀራለሁ። አስተማሪዋ ወለል ትወለውላለች፣ ተማሪው ይነዳል። እሱ ደግሞ የሚያሾፍበት አያጣም። «ሃምሳ አለቃ፣ ዛሬ ኮሪደሩ ላይ ፍጥነት ቀንሺ!» ይለኛል። መወልወያውን እወረውርበታለሁ።

የአቡ ናስር እናት ማማ ሙኒራ ሰባውን ያለፉ ሴት ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወደ ሕክምና ሲሄዱ እኔ ደግፌ አስገባቸዋለሁ፣ ይመር ይነዳል። ያን ዕለት ረፋድ ላይ ከሐኪም ቤት ስንመለስ ቀለበት መንገዱ ላይ ነበርን። እኔና ማማ ከኋላ ተቀምጠናል። ይመር ድንገት መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ አቆመ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

ደረቱን በመዳፉ ይዞ መሪው ላይ ተደፋ። ወርጄ በሩን ስከፍተው ፊቱ አመድ መስሏል፣ ሸሚዙ በላብ ርሷል። «ግራ እጄ… ግራ እጄ» ይላል። አባቱ በልብ ሕመም እንደሞቱ አውቃለሁ።

ማማ ሙኒራ በስልካቸው አምቡላንስ ጠሩ። ይመጣል አሉ። እኔ ግን ከኋላችን ያለውን መንገድ አየሁት። ግጭት ደርሶ መኪናው እስከ ዓይን መጨረሻ ቆሟል። በዚያ ውስጥ አምቡላንስ የሚደርሰው መቼ ነው? ከፊታችን ያለው መንገድ ባዶ ነበር፤ ሌላ ትልቅ ሆስፒታል ደግሞ በዚያው አቅጣጫ እንዳለ አውቃለሁ። በየሳምንቱ ሳልፍ መንገዱን በልቤ ስነዳው ነው የኖርኩት።

ይመርን ገፍቼ ወደ ጎን ወንበር አሸጋገርኩትና ወንበሩን አስተኛሁለት። አባያዬን ከወገቤ ላይ ቋጠርኩ። መሪው ፊት ስቀመጥ ማማ ጮኹ።

«ሐራም! ምን ልታደርጊ ነው? ፖሊስ ያስረናል! ውረጂ!»

«ማማ፣ ሰው ሲሞት ቁጭ ብሎ ማየት ነው ሐራሙ» አልኳቸው። «ከፈለጉ ይውረዱ፣ ካልፈለጉ ቀበቶዎትን ይሰሩ።»

እንደዚያ ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም ነበር። ቀበቶአቸውን አሰሩ።

ልክ ስነሳ ግራ እግሬ ፍሪሲዮን ፍለጋ ሄደ። አውቶማቲክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፤ ያገኘው ፍሬኑን ነው። መኪናው ተንደርድሮ ቀጥ ሲል ማማ «ያ አላህ!» አሉ። ግራ እግሬን ከወንበሩ ሥር አጥፌ እንደገና ተነሳሁ። ከመቶ ሜትር በኋላ እጄም እግሬም ሥራቸውን አስታወሱ። ይመር ያቃስታል። «አስር አለቃ፣ እንዳትተኛ! ትእዛዝ ነው!» እያልኩ እጮህበታለሁ። «እሺ» ይላል በቀጭኑ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። በሠራዊቱ ውስጥ በኮንቮይ ስንጓዝ ቀንም ቢሆን የፊት መብራት ማብራት ደንብ ነው። ለሠልጣኝ መጀመሪያ የማስተምረው እሱን ነበር። ሳላስበው እጄ ሄዶ መብራቱን ቦግ አደረገው። ምንም መብራት በማያስፈልግበት በዚያ የሪያድ ፀሐይ ረዥሙን አብርቼ መንገድ መሃል ስሄድ ማን ዞር ብሎ አያይም? ሳላበራ ዝም ብዬ ብነዳ ኖሮ ማንም ልብ አይለኝም ነበር። የትራፊክ ፖሊስ መኪና መጥቶ ከጎኔ ተስተካከለ። ፖሊሱ በመስኮት ሲያየኝ አፉ ተከፈተ። በእጁ ቁሚ አለኝ።

አልቆምኩም።

በጣቴ ይመርን አሳየሁትና ፊቴን ወደ መንገዱ መለስኩ። ሳይረኑን ለቀቀው። «ቁሚ!» ይላል በድምፅ ማጉያ። እኔ ደግሞ ቆሜ ይህን ሁሉ በዓረብኛ ሳስረዳ ባሌ ሊያልፍብኝ ነው። የመጣው ይምጣ አልኩ። ሳይረኑ ሲጮህ ከፊቴ ያሉት መኪኖች ዳር እየያዙ መንገድ ለቀቁልኝ። ሊያስቆመኝ የመጣው ሰው አጃቢ ሆኖኝ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ደረስኩ። ነርሶቹ ይመርን በአልጋ ሲያስገቡት ፖሊሱ እጄን ሊይዝ መጣ።

ያኔ ማማ ሙኒራ ከኋላ ወርደው በምርኩዛቸው መሃላችን ገቡ። እኔ ላይ ሲጮሁ የነበሩት ሴት ለፖሊሱ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ እኔ በበረሃ ለግመሎቻችን ውኃ በመኪና አመላልስ ነበር። ማንም አላሰረኝም። ባልየው እስኪታይ እዚሁ ቁም!» አሉት። ቆመ።

ሐኪሙ ወጥቶ የልቡ የደም ሥር እንደተዘጋ፣ አሁኑኑ እንደሚከፍቱለትና በጊዜ መድረሱ እንደጠቀመው ነገረን። ፖሊሱን «አሁን እንሂድ» አልኩት። አቡ ናስር ፖሊስ ጣቢያው ድረስ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። ስሙ እንዳይነሳ ነው የፈራው፤ አልፈርድበትም።

መኮንኑ አንድ ወረቀት አቀረበልኝ። «ፈርሚና ኸላስ፣ አለቀ፣ ወደ ባልሽ ሂጂ» አለኝ። ልጅ ሆኜ ቁርዓን የቀራሁ ነኝ፤ ፊደሉን ቀስ ብዬ ሳነብ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ዛሬ ያደረግሁት ጥፋት ነው፣ ተጸጽቻለሁ ይላል። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ አልነዳም ይላል።

«አልነዳም የሚለውን እፈርማለሁ» አልኩት። «አገሩ የእናንተ ነው። ጥፋት ነው፣ ተጸጽቻለሁ የሚለውን ሰርዙልኝ።»

«የተዘጋጀ ወረቀት ነው እኮ። ለሁሉም አንድ ነው።»

«እኔ ለሁሉም አይደለሁም። ባሌን በማዳኔ አልተጸጸትኩም። ያልሆነ ነገር አልፈርምም።»

አቡ ናስር ራሱን ያዘ። «ዘሃራ፣ እብድ ነሽ? ይህ እኮ ወረቀት ነው!» አለኝ። «ወረቀት ከሆነ ሰርዙታ!» አልኩ። አልፈረምኩም። እስከ ማታ አቆዩኝ። በመጨረሻ ሕጉ ሌላ መንገድ እንዳለው ነገሩኝ። ለሴት ባሏ ስለሚፈርምላት ይመር ሲነቃ እሱ ይፈርም ተባለና እስከዚያው ከአቡ ናስር ጋር ለቀቁኝ።

በማግስቱ ከሰዓት አቡ ናስር ወረቀቱን ይዞ እኔን አስከትሎ ሆስፒታል ሄደ። እውነቱን ልናገር፤ ይመር እንዲፈርም ፈልጌም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ነው ያደርኩት። ብንባረር መድኃኒቱስ? ሥራውስ? ኮምቦልቻ ላይ ጣሪያ ሳናለብሰው የቀረው ቤታችንስ? እኔ አልፈረምኩም፣ እሱ ይፈርምና ይለቅ እያልኩ ነው የገባሁት።

ይመር ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ክንዱ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቷል። አቡ ናስር ብዕር አስያዘውና «እዚህ ላይ ፈርም፣ ኢንሻአላህ ሁሉም ያልቃል» አለው።

ይመር ወደ እኔ ዞረ። «ምን ይላል?»

ነገርኩት። አንድም ቃል አልቀነስኩም። «አንተ እንደመሰለህ» አልኩት።

በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛው፣ ድምፁ ገና ሳይመለስ፣ እንዲህ አለ፦ «አቡ ናስር፣ ይቅርታ። ይህቺ ሚስቴ ብቻ አይደለችም። በሠራዊቱ አለቃዬ ነበረች። መኪና መንዳት ያስተማረችኝ እሷ ናት። የበታች ሆኜ አለቃዬን አጥፍተሻል ብዬ አልፈርምም። ትናንት ባትነዳ ኖሮ ዛሬ የሚፈርም ሰውስ የት ታገኝ ነበር?»

ብዕሩን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠው። እኔ ግድግዳውን እያየሁ አለቀስኩ። ሲያስሩኝ ያልወጣ እንባ ያኔ ወጣ።

አቡ ናስር ራሱ ከፊላችን፣ ኃላፊነታችንን የወሰደ አሠሪ፣ ስለሆነ በእኛ ፈንታ ፈረመ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ይመር ደህና መራመድ ሲጀምር፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ፓስፖርታችን ላይ አስመትቶ ሰጠን። «እናንተ ወታደሮች ናችሁ፤ ሠራተኛ አትሆኑኝም» አለን። ማማ ሙኒራ አቅፈውኝ አለቀሱ። ልጃቸውን ግን አላስቆሙትም።

እነሆ ኮምቦልቻ ነን። ይመር መድኃኒቱን እየወሰደ ትንሽ ጎሚስታ ቤት ከፍቷል። እኔ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና እነዳለሁ፤ ከኮምቦልቻ ሚሌ ጭነት አመላልሳለሁ። አሁንማ በዚያም አገር ሴቶች ይነዳሉ አሉ፤ ደስ ብሎኛል፣ የዘገየ ቢሆንም። የቤቱ ጣሪያ የለበሰው በስንት መከራ ነው። የባሌ እህት በመጣች ቁጥር ያንኑ ታነሳለች። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ለአንድ ፊርማ ብላችሁ የሞላ እንጀራችሁን ደፋችሁ!» ትለኛለች። የምትለው ሐሰት አይደለም፤ ደፍተነዋል። ክፉ ቀንም አይተንበታል።

ግን እስቲ ፍረዱኝ። እኔ የሸሸግሁት ነገር የለም፤ ነድቻለሁ፣ አልነዳም ብዬ ልፈርምም ዝግጁ ነበርኩ። ያሰረኝን ፖሊስ ይቅር ብያለሁ፣ ያባረረንን አቡ ናስርንም ይቅር ብያለሁ። ባሌን ከሞት ማዳኔን ጥፋት ነው ብዬ በገዛ እጄ እንድፈርምበት የመጣውን ወረቀት ግን ዛሬም አልፈርመውም። ይኸው ሰውየው ደጅ ላይ ጎማ እየነፋ ከልጆች ጋር ይጨቃጨቃል። የኔ መልስ እሱ ነው።