ዘይነባ መህሯን በሪያል የጠየቀች ዕለት

ባለፈው ሳምንት መካነ ሰላም ባንክ በር ላይ ተሰልፌ ሳለ፣ ልጃቸው ከጅዳ የላከችላቸውን ሊያወጡ የመጡ አንዲት እናት ከፊቴ የቆመውን ወጣት «ልጄ፣ ሪያል ዛሬ ስንት ገባ?» ብለው ጠየቁት። ስልኩን ከፍቶ ነገራቸው። «ጨመረ በለኛ» አሉ፤ ደስ ይበላቸው ይክፋቸው እንዳልለየላቸው ፊታቸው ያስታውቅ ነበር። የሚቀበሉት ብር በዝቷል፤ የዘይቱ ዋጋም እንደዚያው። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሐሳቤ ወደ እህቴ ወደ ዘይነባ የኒካህ ሽምግልና ሄዶ ነበር።

ያኔ ገና ጢሜ ማቀምቀሙ ነው። ትምህርቴን አቋርጬ፣ ግጥም በራሴ እየሞካከርሁ፣ ደሴ ልውረድ ወይስ ባሕር ልሻገር እያልሁ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቃተኝ ጊዜ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ የመንገዱ ጭቃ ጠፍፏል፤ ባቄላው እሸት ደርሷል። ዘይነባ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ከተመለሰች ብዙም አልቆየችም። ስትሄድ አንድ ሪያል በሁለት ብር ከምናምን ይመነዘር ነበር፤ ስትመለስ አምስት ብር አልፏል። በየወሩ የምትልከውን አባቴ በደረሰበት ቀን እየመነዘረ፣ ከተማ ውስጥ የቆርቆሮ ቤት ይሠራላታል ብሎ ባንክ ያስቀምጥ ነበር። አንዲት ሳንቲም አልነካም። ግን ስትመጣ ያ ሁሉ ብር ከጣሪያ ቆርቆሮ መግዣ አላለፈም። የእንጨቱም የሲሚንቶውም ዋጋ ጥሎት ሄዷል።

ሰይድ የሚባል የጎረቤት ቀበሌ ገበሬ እስክትመለስ ሳያገባ ጠብቋት ነበር። እሷም የምትፈልገው እሱን ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ሲመጣ ነገሩ ያለቀ መስሎን፣ እናቴ የስንዴ ዳቦና እርጎ አሰናድታ በደስታ ነው የተቀበልናቸው። ወንዶቹ መደብ ላይ፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጡ። ጎረቤታችን ሐጂ ይመር ዱዓ አደረጉና፣ «እሺ፣ ልጅቷ መህሯን ምን አለች?» ብለው አባቴን ጠየቁት። መህር ባል በኒካህ ጊዜ ለሚስቱ የሚሰጠው፣ የራሷ ብቻ የሆነ ሀብት ነው።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «በሪያል ይሁንልኝ ብላለች።»

የሰይድ አባት፣ ጋሼ አደም፣ የእርጎውን ዋንጫ መሬት አስቀመጡት። «ሪያል? በየትኛው ማሳችን ነው የሚበቅለው?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ሪያል የምትል ልጅ ልቧ ገና ጅዳ ነው። ዛሬ ድሬ፣ ነገ ልጄ ሚስቱን ኤርፖርት ሸኝቶ ብቻውን ይመለስ?»

«ወላሂ አትመለስም» አለ አባቴ።

«ታዲያ የነሱ ገንዘብ ምን ይሠራላታል?» ብለው ዱላቸውን አነሡ። ከተነሡ ጋብቻው እንደሚፈርስ ሁላችንም ገብቶናል። የመጋረጃው ጨርቅ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ዘይነባ ይዛው ይሆናል።

«አብሽር አደም፣ ተቀመጥ» አሉ ሐጂ። «እኔ በወጣትነቴ ሐጅ ስሄድ አንድ ብር ስሰጥ ከአንድ ሪያል በላይ ነበር የሚመልሱልኝ። እንዲያ የተከበረ ብር ነው። የአገር ገንዘብ እያለ የሰው አገር ገንዘብ ምን ያስጠራል? በብር ይሁን።»

ወጣቶቹ አላመንናቸውም፤ ተያየን። ጋሼ አደም ግን ፊታቸው ፈታ አለ። ነገሩ በብር ሊዘጋ ሲል ከመጋረጃው ጀርባ የሐጂ ባለቤት የእትዬ ከድጃ ድምፅ መጣ።

«ሐጂ፣ የኔ መህር ስንት ነበር?»

«መቶ ብር።»

«ያኔ ምን ይገዛ ነበር?»

«ጥማድ በሬ።»

«ሰጥተውኛል?»

ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። በኛ አገር መህር ብዙ ጊዜ በቃል ይቆያል፤ ሚስት በጠየቀች ቀን ይከፈላል ይባላል፣ ሚስትም ሳትጠይቅ ታረጃለች።

«ስትጠይቂኝ ልሰጥሽ ነው እኮ።»

«እሺ፣ ዛሬ ጠየቅሁ። መቶ ብሩን ይሰጡኛል፤ አንዲት ዶሮ አይገዛልኝም። በሬዎቼ የት ገቡ?»

ያን ጊዜ ዘይነባ ተናገረች።

«ጋሼ አደም፣ ጅዳ አልመለስም። ሪያል ያልሁት ወድጄው አይደለም። ለቤት የላክሁት ጣሪያ ብቻ ሆኖ ጠበቀኝ። መህሬም እንደዚያ እንዳይሆን ነው።»

ጋሼ አደም ዱላቸውን ግድግዳ አስደገፉ። «ይኸው ነው? እኔ እኮ የምትሄጂ መስሎኝ ነው። ጊደር ብሰጥሽስ?»

«የምትወልደውስ የማን ነው?»

«ያንቺ።»

«እንግዲያው ሪያሉ ይቅር።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሐጂ ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ዘረጉ፤ ዓይናቸው ግን መጋረጃው ላይ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ሐጂ በቅሏቸውን ሸጡ። ከዚያ በኋላ መስጊድ በእግራቸው ነበር የሚሄዱት። የዚያኑ ዕለት ሁለት ወይፈኖች እየነዱ ሲመለሱ እትዬ ከድጃ በራፍ ላይ ቆመው፣ «የተባለው በሬ ነው፤ እነዚህ ጥጆች ናቸው» አሏቸው።

«ያድጋሉ» አሉ ሐጂ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

ሐጂ ያረፉት አምና ነው። አስከሬኑ ከቤት ከመውጣቱ በፊት፣ እንደ ደንቡ፣ ከሟቹ የሚጠይቀው ገንዘብ ያለው ሰው እንዲናገር ተጠየቀ። ከሴቶቹ በኩል እትዬ ከድጃ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «የኔ ሙሉ ነው፤ ተቀብያለሁ» አሉ።

ይህን ግጥም ላደርገው ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። የመቶ ብርን ዋጋ በየዘመኑ መጻፍ ይቻላል፤ ሪያሉም ዛሬ ስንት እንደገባ ከስልክ ይታያል። እትዬ ከድጃ ያን ቀን ከእንባቸው ጋር ታግለው ያወጧትን «ሙሉ» የምትል ቃል ግን በምን እንደምመነዝራት እስካሁን አላውቅም።