ሰርጓጅ መርከቧና ግራ ዓይኔ

በጋራዥ ደጅ ሳልፍ የስቱኮ ሽታ አፍንጫዬን ከመታው፣ ዛሬም ሳላስበው ግራ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ልጆች ሆነን መርካቶ ጥግ፣ መሳለሚያ ነበር የምንኖረው። አጎታችን ለታላቅ ወንድሜ ለረድዋን ከዱባይ ተራ የምትገጣጠም የፕላስቲክ ሰርጓጅ መርከብ ገዛለት። ክንድ ታህላለች፤ ጀርባዋና ሆዷ ለየብቻ ተሠርተው በሙጫ ይጣበቃሉ። ረድዋን አጣብቆ በርሜላችን ውስጥ ሲያጠልቃት ግን በመገጣጠሚያዋ ውኃ ገባና ታች ቀረች። ሲያኮርፍ ዋለ። በማግስቱ ጎረቤታችን ጋሼ ወልዴ፣ የተጨረማመተ መኪና የሚያቃኑት ባትላሜራ፣ በቆርቆሮ ክዳን ስቱኮ ቆንጥረው ከነማድረቂያው ቱቦ ሰጡት። ስንጥቁን እንዲሞላው፣ ሲደርቅም በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ እንዲያስተካክለው አሳዩት። ማድረቂያው ያቃጥላልና ተጠንቀቅ አሉት።

መርከቧን በሁለት እጄ የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። የቱቦው አፍ ደርቆ ተደፍኗል። ረድዋን ቢጨምቀው እንቢ አለ። ጥርሱን ነክሶ ሲደግመው ቀዩ ማድረቂያ ተፈናጥሮ ግራ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ፍም የገባብኝ መሰለኝ። ረድዋን ፀጉሬን ይዞ አንገቴን አቃናና ከበርሜሉ በጣሳ እየቀዳ ዓይኔ ላይ ያፈስብኝ ጀመር። እንዲተወኝ ብለምነውም አልሰማኝም። እሱም ያለቅስ ነበር። እማዬ ከሱቅ በሩጫ ስትደርስ እንኳ ጣሳውን አልጣለም።

ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይኖቼን በፋሻ ሸፈናቸው። እማዬ "ታያለች ወይ?" ብላ ስትጠይቀው፣ "ፋሻው ሲፈታ ይታወቃል" ሲል ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ የመርካቶ ድምፅ ሁሉ ያስበረግገኝ ጀመር፤ የተሸካሚዎቹ "ዞር በሉ!"፣ የጭነት መኪናው ጥሩምባ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚዘል ድመት። ከሁሉ ያስፈራኝ ግን የእማዬን መልክ እንዳልረሳው ነበር። ተኝቼ ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ አገጯ ላይ ያለችውን ማርያም የሳመቻትን በየተራ በልቤ እቆጥራለሁ። አንዱ ሲጠፋኝ እንደገና ከግንባሯ እጀምራለሁ።

ረድዋን መጀመሪያ ላይ አልቀረበኝም። አንድ ቀን ከሰዓት ግን አጠገቤ ተቀመጠና መርከቧን እጄ ላይ አኖረልኝ። ስቱኮውን ብቻውን ሞልቶት ኖሯል።

"ጎርበጥ የሚልሽ ካለ ንገሪኝ" አለኝ።

ጣቴን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ እሰድና ጥፍሬን ሲይዘኝ "እዚህ ጋ" እለዋለሁ። በረጠበው ብርጭቆ ወረቀት ሽ... ሽ... ያደርጋል። ያ ድምፅ እስካለ አልፈራም፤ ሲቋረጥ ስሙን እጣራለሁ።

ፋሻው ሲፈታ ጭጋግ ብቻ አየሁ። አይታየኝም ብዬ ጮህኩ። ሐኪሙ ታገሺ አለኝ። ቀስ በቀስ ከጭጋጉ ውስጥ እማዬ ብቅ አለች፤ የሻሿን ጫፍ ነክሳለች። "ወንድሟ ወዲያው ባያጥባት ኖሮ ዓይኗ ይጠፋ ነበር" አላት ሐኪሙ። ረድዋን ይህን ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። መርከቧን ግን ዳግመኛ ውኃ ውስጥ አላገባትም።

ግቢያችን ፈርሶ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል። ያኔ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀን ስለምናድር አንዳችን ስንፈራ ሁላችንም እንነቃ ነበር። አሁን የምንኖረው ከተማዋ ዳርና ዳር ነው፤ የምፈራውንም ለብቻዬ እፈራለሁ። ረድዋን ሲደውል ግን ሰላምታውን ሳይጨርስ "ዓይንሽስ?" ይለኛል።

"ያያል" እለዋለሁ።