የብረቱ ሰውዬ እጅ

ሲኒማ ቤቱ ሰው በራቀው ቁጥር ባለቤቱ አንድ መድኃኒት ነበረው። «የብረቱ እንግዳ» የሚለውን የድሮ ፊልም አውጥቶ በሩ ላይ ይለጥፋል። ያኔ አዲስ ፊልም ሲመጣ ዞር ብሎ የማያይ ሰው ሁሉ ከየጎሬው ወጥቶ ይሰለፋል። ወይ ጉድ! እስቲ ምኑ ነው የሚታየው? የጠፈር መርከቡ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው። ከዋክብቱ ጥቁር ጨርቅ ላይ የተበሱ ቀዳዳዎች ናቸው። ታሪኩም ቢሆን ይኸው ነው፤ ከሩቅ ኮከብ አንድ የብረት ወታደር ዓለምን ሊያጠፋ ይመጣል፣ የሚያጠፋበት ጊዜ ግን ያጣል። በር ላይ ዘበኛው መታወቂያ ይጠይቀዋል። ቢሮ ሲገባ ጸሐፊዋ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ» ትለዋለች። መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ «የኔ ልጅ፣ ጉልበት ያለህ ትመስላለህ» ብላ የውሃ በርሜል ታሸክመዋለች። በእነዚያ ኮስታራ የጠፈር ፊልሞች ላይ ለማሾፍ የተሠራ ነው።

ቀልዱ ደህና ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሰው የሚመጣው ለቀልዱ አይደለም። ለእጁ ነው።

መጨረሻው አካባቢ ወታደሩ የመርከቡ ማዘዣ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ላጥፋ አላጥፋ እያለ ያስባል። ከእግር ጥፍሩ እስከ ራሱ ቆርቆሮ ነው፤ ቀኝ እጁ ግን ባዶውን ነው! የሰው እጅ፣ ያውም የጋብቻ ቀለበት ያጠለቀ። ያ እጅ ተነስቶ የቆርቆሮውን ግንባር ያክካል፤ ከዚያ በመሃል ጣቱ ማዘዣውን ኳ ኳ ያደርጋል። ይኼኔ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «እጅህን ሸፍን፣ ይበርድሃል!» ብሎ ይጮኻል። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት ይህችን ለማስጮህ ነው።

ሦስተኛው ረድፍ ዳር ላይ የምትቀመጠው ልብስ ሰፊ ግን ጮኻ አታውቅም። ሱቋ ከሲኒማ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ወፍረው የመጡትን ሰዎች ልብስ እየተሳደበች ታሰፋለች። በምላሷ ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ብሎ አውጥቶላታል። ፊልሙ በተለጠፈ ቁጥር የስፌት መኪናዋን ሸፍና፣ ሱቋን ዘግታ ትገባለች። ሰው ሁሉ ፊልሙን የምትወደው ይመስለዋል። እጁ የባሏ ነበር።

ባሏ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር። ዳይሬክተሩ፣ ያኔ ገና ጎረምሳ፣ የብረት ልብስ ሊያሠራ መጣ፤ ልብሱ ሲያልቅ ግን የሚገባበት ተዋናይ ጠፋ። አንዱ አንገቱ አላልፍ አለው፣ ሌላው ታፈንኩ ብሎ ጮኸ። «በል የሠራኸው አንተ ነህ፣ ራስህ ግባበት» ተባለና ገባ። ጓንቱን የሰፋችው እሷ ናት፣ የብር ቀለም ከተቀባ ሸራ። አጥብባው ኖሯል። ጠዋት ሲወጣ «ሴትዮ፣ ጣቴን ያዘኝ እኮ» ቢላት «ቻለው፣ ማታ አሰፋልሃለሁ» አለችው። ቀረጻው ላይ እረፍት ሲባል አወለቀው፤ «ቦታህን ያዝ» ሲባል መልሶ ማጥለቁን ረሳው። ዳይሬክተሩም ያየው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ ሳፋው ለባለቤቱ ተመልሶ፣ ልብሱ ፈርሶ የአንድ ዳቦ ቤት ጭስ ማውጫ ሆኖ። ድምፁ እንኳ የሱ አይደለም፣ የሌላ ሰው ተደርጎበታል። ከዚያ ሁሉ ፊልም ውስጥ የሱ የሆነ ነገር ያ እጅ ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ሳምባውን ታመመና ሞተ። ባጭሩ የምነግራችሁ እሷም ከዚህ በላይ ስለማትናገረው ነው። ፎቶዎቹ አሏት፤ ሁሉም ላይ ግን ፎቶ አንሺው «እንዳትተነፍስ» ያለው ይመስል ደርቆ ነው የቆመው። እሷ ያገባችው የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ቆርቆሮ ሲገዛ በመሃል ጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ድምፁን ይሰማል፤ ልማድ ሆኖበት በሩንም፣ ጠረጴዛውንም፣ ሲያስብ የሷን ትከሻም ሳይቀር ኳ ኳ ያደርጋል። «እኔ ደግሞ ቆርቆሮ ነኝ?» ትለዋለች። «ስንጥቅ እንዳለሽ ልይ ብዬ ነው» ይላታል። ያቺ ጣት ስትንቀሳቀስ የምታይበት ቦታ እዚያ ፊልም ውስጥ ብቻ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን በሩ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ፤ «የብረቱ እንግዳ፣ በአዲስ መልክ፣ እንደ መስታወት ጠርቶ!» ይላል። ደስ አላት። የድሮው ቅጂ ብዙ ከመታየቱ የተነሳ ከላይ እስከ ታች ዝናብ የሚዘንብበት ይመስል ነበር። «እንግዲህ ቀለበቱ ላይ ያለው ጭረት ሁሉ ሊታየኝ ነው» አለች ለራሷ። በዚህ ዕድሜዬ፣ እያለች በራሷ ስቃ ጸጉሯን ተሠራች።

ፊልሙ እውነትም ጠርቷል። ሳፋው ላይ ያለው ዝገት እንኳ ይቆጠራል። ወታደሩ መጣ፣ ተንገላታ፣ በርሜል ተሸከመ፣ ማዘዣው ፊት ቆመ። አዳራሹ «እጅህን ሸፍን፣ ይበር…» ብሎ ሳይጨርስ ድምፁ ተበተነ።

እጁ ተሸፍኗል። የሚያብረቀርቅ የብረት ጓንት እስከ ጥፍሩ አጥልቋል። ግንባሩን አከከ፣ ማዘዣውን ነካ፤ ጣት የለ፣ ቀለበት የለ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አፏጨ። እሷ ከሁሉ በፊት ስፌቱን ነው የፈለገችው። ስፌት የለውም። «ይሄ የኔ ጓንት አይደለም!» አለች ጮክ ብላ፤ ከኋላ «እሽ! ዝም በሉ» አሏት።

ስትወጣ ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆሞ እንኳን ደስ አለህ ይቀበላል። አርጅቷል፤ ሙሉ ልብስ ለብሷል።

«እህ፣ እትዬ? አላማረም?»

«እጁስ?»

«ተገላገልነው!» አለ እጁን እያፋተገ። «በኮምፒውተር ጓንት አለበሱልኝ። ያ እጅ ዕድሜዬን ሙሉ ሲያዋርደኝ ኖረ። ቀልዱን የጻፍኩት እኔ፣ የሚሳቀው በእጁ! ከመሞቴ በፊት አንድ ቀን እንኳ በጻፍኩት ይሳቅልኝ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

ምላሷ ተዘጋጅቶ ነበር። ዓይኑን ስታየው ግን የለቅሶ ቤት ሰው ዓይን ሆነባት፤ የሚታዘንላት እሷ ሆና ሳለ እሱ አሳዘናት።

«ባሌ ነበር እኮ» አለችው።

«አውቃለሁ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ሰው…» ብሎ ጀመረና ቆመ። «ሁልጊዜ የምትመጪው… ለዚያ ነበር እንዴ?»

«ታዲያ ለሳፋው መሰለህ?»

ደረጃው ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። የድሮው ፊልም ሻግቶ ስለነበር አዲሱ እንዳለቀ ጥለውታል፤ ሌላ ቅጂ ተሠርቶለት አያውቅም፤ ኮምፒውተር ላይ የገለበጡትንም ዋናውን ሳያስቀሩ ጓንቱን በላዩ ላይ ሠርተውበታል። እሱ ራሱ ነው ይህን ሁሉ አንድ በአንድ የነገራት፣ ፊቱን በመዳፉ ይዞ።

«እመልሰዋለሁ» አለ በድንገት። «ዛሬ የማይቻል ነገር የለም። ጓንቱን አስወልቄ እጅ አስገባለሁ። የኔን እጅ አስቀርጬም ቢሆን…»

«የማንን እጅ?» አለችው። ወደ ሱቋም ሄደች።

የሚገርመው ፊልሙ አልሞተም። ሰው መሰለፉን አልተወም፤ ጩኸቱንም አልተወም። ጓንት ለለበሰ እጅ «እጅህን ሸፍን፣ ይበርድሃል!» ይላል፣ እንዲያውም ከድሮው ብሶበት። እሷ ግን መግባት ተወች። ጩኸቱ በግድግዳው ውስጥ ሲመጣ እግሯ የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጡን ያቆማል፤ አዳራሹ ጸጥ ሲል እንደገና ትጀምራለች።

ብዙ ቆይታ አንድ ከሰዓት በኋላ አልቻለችም። ሱቋን ዘግታ ገባችና የድሮ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ከጎኗ ከአባቷ ጋር የመጣች ትንሽ ልጅ አለች። ወታደሩ ማዘዣው ፊት ቆመ፤ አዳራሹ ጮኸ። ልጅቷም አብራ ጮኸችና ግራ ገብቷት ወደ እሷ ዞረች።

«እማማ፣ እጁ እኮ ተሸፍኗል። ለምንድነው ሸፍን የሚሉት?»

«ድሮ ባዶውን ነበር፣ የኔ ልጅ።»

«እርስዎ አይተውታል?»

«እኔማ አግብቼው ነበር» አለቻት።

ልጅቷ ቀልድ መሰላት። ከት ብላ ሳቀች፤ በአባቷ ጆሮ ነገረችው፣ እሱም ሳቀ። እትዬ መርፌ እጇን የገዛ ትከሻዋ ላይ፣ ባሏ ድሮ ኳ ኳ የሚያደርጋት ቦታ ላይ አድርጋ፣ የአዳራሹ መብራት እስኪበራ አለቀሰች።