ሟርተኛዋ ሴፍቲ ኦፊሰር

እኛ ዘንድ አደጋውን ካደረሰው ሰው ይልቅ «ሊደርስ ነው» ያለው ይጠላል። ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወረድ፣ አሁን በፈረሰች አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ውስጥ በአንጀቴ ነው የተማርኩት።

እዚያ ጠራዥ ነበርኩ። ሥራውን ያስገቡኝም ያስተማሩኝም ወረቀት ቆራጩ ጋሼ ናቸው። የአባቴ ጎረቤት፣ ተወልደው ያደጉት ውቤ በረሃ፣ ቀልደኛ፣ ፋራ ከመባል ሞት የሚመርጡ ሰው ነበሩ። አባቴ ካረፈ በኋላ አባት የሆኑኝ እሳቸው ናቸው ብል አልዋሸሁም።

የሚሠሩበት መቁረጫ ማሽን ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ሁለቱ እኩል ካልተጫኑ ምላጩ አይወርድም። የሠራው ሰው ሞኝ አይደለም፤ ሁለቱም እጅህ ቁልፍ ላይ ከሆነ ከምላጩ ሥር የሚገባ እጅ የለህም። ጋሼ ግን የግራውን ቁልፍ በተጣጠፈ ካርቶን ወጥረው፣ በፕላስተር አሽገው፣ በቀኝ እጃቸው ብቻ ይቆርጣሉ። በግራቸው ወረቀቱን ያስተካክላሉ። ሥራ ይፈጥናላ! አሠሪያችንም ያያል፤ «አራዳ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ ይስቃል።

አንድ ጊዜ ትልቅ የካላንደር ሥራ የሚሰጥ ደንበኛ «የደህንነት ኃላፊ የሌለው ማተሚያ ቤት አናሠራም» አለ። አሠሪያችን ዞር ዞር ብሎ አየና እኔን ለሥልጠና አራት ኪሎ ላከኝ። ስመለስ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ አለበሰኝ፤ «ከዛሬ ጀምሮ ሴፍቲ ኦፊሰር ነሽ» አለኝ። ለታይታ መሆኑ ነው። እኔ ግን የምር ወሰድኩት። ምን ላድርግ፣ ሥልጠናው ላይ የነገሩን እውነት ነበር! ሰው ሳይጎዳ በፊት «ቢሆንስ?» እያልሽ አደጋውን ፈልጊ አሉን። ካገኘሽው አጥፊው። የማይጠፋ ከሆነ በሌላ ተኪው። ካልተተካም በሱና በሰው መሃል አጥር አቁሚ። ማስጠንቀቂያና ጓንት ሌላው ሁሉ ሲያቅት ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይኸንኑ አይደል? የኛ አጥር ደግሞ፣ ያ ሁለተኛው ቁልፍ፣ ከማሽኑ ጋር ተሠርቶ መጥቷል፤ ያፈረስነው እኛው ነን።

በማግስቱ ሄድኩና «ጋሼ፣ ይቺን ፕላስተር እናንሳት እንጂ። አንድ ቀን እጅዎን…» ከማለቴ ጠራዦቹ ሴቶች ተንጫጩ።

«ኧረ አፍሽን! የሰይጣን ጆሮ ይደፈን በይ! በይ እንጂ!»

አስባሉኝ። እንደ ሕፃን ልጅ። ጋሼ እየሳቁ አማተቡ፤ «ልጄ፣ ሟርት ደግሞ ከየት ለመድሽ?» አሉኝ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። «ቢሆንስ?» ማለት ሥልጠናው ላይ ሥራ ነው፤ እኛ ቤት ሟርት ነው። ክፉ ነገር ስሙ ካልተጠራ አይመጣም። ፕላስተሩን ላጥኩት፤ ጠዋት ስገባ ተመልሷል። ደግሜ ላጥኩት፤ ደግሞ ተመለሰ። አሠሪያችን ዘንድ ገብቼ ለመንኩ። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና ተስፋ አደረግሁ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጓንት ገዛ፣ ጸበል አስመጥቶም ማሽኑን አስረጨ። ጸበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን እኮ ፕላስተሩን ሳያነሱ ነው፣ እላዩ ላይ የረጩት! «በቃ፣ ከእንግዲህ ክፉ አይነካውም» አለ። ከዚያ ወዲያ የተናገርኩት ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ። «ድንቄም ሴፍቲ ኦፊሰር! ሟርተኛ» እየተባልኩ ሰደርያዬን ለብሼ እጠርዛለሁ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ካላንደሩ ለዘመን መለወጫ መድረስ አለበት ተብሎ ሁላችንም እንራወጣለን። ጋሼ «እህ» አሉ። ጩኸት እንኳ አይባልም። ዞር ስል የግራ እጃቸው ከምላጩ ሥር ነው። በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ የሰው መኪና ለምነን ሆስፒታል አደረስናቸው። አራቱን ጣቶች መመለስ አልተቻለም። አውራ ጣታቸው ብቻ ቀረች።

ወደ ሥራ ስመለስ ማሽኑ ታጥቧል። ፕላስተሩም ተነስቷል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አሠሪያችን አየኝና «ይኸው፣ የተመኘሽው ደረሰልሽ» አለኝ።

«ቁልፉን የወጠርኩት እኔ ነኝ?» ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዷ ብቻ ጠጋ ብላ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው እኮ፣ እህቴ» አለችኝ። ማጽናናቷ ነው እንግዲህ! አንጀቴ አረረ። እስከ ዛሬም ያርራል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ብርቱካን ይዤ ጋሼን ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው በሩን ገርበብ አድርገው «ደግሞ ምን ልታሟርቺ መጣሽ?» አሉኝ። ጋሼ ከውስጥ ሰምተው «ተያት፣ ትግባ» አሉ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ብርቱካን አንስተው በአንድ እጃቸው ሊልጡ ሞከሩ፤ እምቢ ሲላቸው ለእኔ ሰጡኝ።

«ጋሼ፣ ፕላስተሩ ነው» አልኳቸው እየላጥኩ። «የተናገርኩት እንዳይደርስብዎ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ፤ በክፋት አይደለም። አፍሽ ነው እንጂ ልብሽ ክፉ አይደለም።»

ጣቶቹን ባጣ ሰው ላይ ይጮሃል? ብርቱካኑን ልጬ አጎረስኳቸው።

ልሄድ ስነሳ በደህናው እጃቸው ክንዴን ያዙኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«በእኔ ቦታ ሌላ ቆራጭ ሊገባ ነው አሉ» አሉኝ። «ልጆች አሉት። በእናትሽ ልጄ፣ ለሱ እንኳ እዘኚለት። ምንም ብታዪ፣ ምንም፣ እንዳትነግሪው።»